አምፖል ከቀየርኩ ወዲህ እርግቦቼ ቤታቸውን ሸሹ፤ እርግብ ብርሃንና ቀለም እንዴት ነው የምታየው?

ባለእርግቡ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ጉዳዬ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

የምኖረው ሽሮ ሜዳ ነው። አሥራ አራት እርግቦች አሉኝ። ቤታቸው ከኩሽናው በላይ ነው፤ በጣውላና በቆርቆሮ ራሴ ሠራሁላቸው። ባለፈው ወር ሌሊት ድመት ገብታ ሁለት ጫጩት ወሰደችብኝ። ብርሃን ካለ አትደፍርም ብዬ የድሮውን ቢጫ አምፖል አወጣሁና ነጭ ኤልኢዲ አስገባሁ። ዋጋው ረከስ ያለ ነው። ብርሃኑ ግን ቤቱን ቀን አስመሰለው።

ከዚያ ወዲህ ሰላም አጣን። ድሮ 12 ሰዓት ሳይሞላ ተሰብስበው ይገቡ ነበር። አሁን አምፖሉ ሲበራ ግር ብለው ይወጣሉ። ገሚሶቹ ቆርቆሮው ጫፍ ላይ ብርድ እየመታቸው ያድራሉ። ውስጥ የቀሩትም አይተኙም። አንዱን ወንድ ጥግ ይዞ፣ አንገቱን ወዲያ ወዲህ እያለ፣ ዓይኑን ከፈት ከደን ሲያደርግ አየሁት። እኔ ገብቼ ስቆም ግን ብርሃኑ ምንም አላስቸገረኝም። ፀጥ ያለ ነጭ ብርሃን ነው።

ይሄ ነገር ሌላም ጥያቄ አስነሣብኝ። ሁለት ነጭ ሴቶች አሉኝ። እግራቸው ላይ ያሰርኩትን ክር ካላየሁ እኔ አልለያቸውም። ባሎቻቸው ግን አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም። ገና በአየር ላይ ሳለች ያውቋታል። ጥሬ ቀላቅዬ ስበትንም አተሩን ለቅመው ከጨረሱ በኋላ ነው ወደ ስንዴው የሚሄዱት።

እርግብ የምታየው እኛ የምናየውን ነው? ወይስ ሌላ ነገር ነው የምታየው? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ጭራነጭ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡02

ወንድሜ፣ መጀመሪያ አምፖሉን አጥፋው። ሌላው በኋላ ይደርሳል።

እኔ ከእርግብ ጋር ነው ያደግሁት፤ አሁን ስልሳ ልደፍን ነው። እርግብ ማታ ዳፍንት እንደያዘው ሰው ናት። ልጆች ሳለን የጠፋችብንን እርግብ ከሰው ጣሪያ ላይ የምንይዛት ጨለማ ጠብቀን ነበር። ቀን ገና እጅህን ስታነሣ የምትበረው፣ ማታ ዝም ብላ ትያዛለች። ስለዚህ ማታ ከቤት ወጥቶ ቆርቆሮ ላይ ያደረ እርግብ ለጉጉትም ለድመትም የተዘጋጀ እራት ነው።

የድመት መፍትሔው ሽቦ ነው። ቀዳዳው ጠበብ ያለውን ግዛና መስኮቱን ሸፍነው። ምሰሶው ላይ ለስላሳ ላሜራ ጠቅልለህ ምታበት፤ ጥፍሯ አይይዝላትም።

ስለ ቀለሙ ግን እውቀት የለኝም። ትልልቆቹ ሰዎች ወፍ ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው የምታየው ሲሉ ነው የሰማሁት።

ዶክተር_ዘጎንደር | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡20

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ጋሼ ጭራነጭ ስለ ሽቦውና ስለ ጨለማው የነገሩህን ዛሬውኑ ሥራበት። ጥቁርና ነጭ የሚለው ግን እውነት አይደለም። እንዲያውም ከእኛ ከሰዎች የበለጠ ቀለም የምታየው እርግብ ናት።

ዓይናችን ጀርባ ላይ ሬቲና የሚባል ስስ ሽፋን አለ። ቀለም የሚለዩት እዚያ ያሉት ሾጣጣ ሴሎች ናቸው። ሰው ሦስት ዓይነት አለው። አንደኛው ለሰማያዊ፣ አንደኛው ለአረንጓዴ፣ አንደኛው ወደ ቀይ ለሚያደላው ብርሃን ይነቃል። እርግብ አራት ዓይነት አላት። አራተኛው የሚነቃው የሞገዱ ርዝመት 400 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው) አካባቢ በሆነ ብርሃን ነው። ይህ ለእኛ የወይን ጠጅ ቀለም የሚያልቅበት ድንበር ነው። እርግብ ድንበሩን አልፋ ለሰው የማይታየውን፣ አልትራቫዮሌት የሚባለውን ብርሃንም ታያለች። ከእነዚህ ሌላ ሁለት ሁለት ሆነው የተጣበቁ ጥንድ ሾጣጣዎችም አሏት፤ እነሱ በሰው ዓይን ውስጥ ጭራሽ የሉም።

አራተኛ ሲባል አንድ ቀለም ብቻ የተጨመረ እንዳይመስልህ። ቴሌቪዥንህን አስበው። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ነጥቦችን እየቀላቀለ ነው ሁሉን ቀለም የሚያሳይህ። ያ የሚበቃን ሦስት ዓይነት ሴል ስላለን ነው። ለእርግብ ግን ያ ቴሌቪዥን አንድ ነገር የጎደለው ነው። ለእሷ እያንዳንዱ ቀለም ከአልትራቫዮሌት ጋርም ይቀላቀላል። ለእኛ አንድ የሆኑት ሁለት ነጮች፣ አንዷ አልትራቫዮሌት በብዛት የምትመልስ፣ ሌላዋ የምትውጥ ከሆኑ፣ ለእሷ ሁለት የተለያዩ ቀለሞች ናቸው።

ባሎቹ የሚለዩት በዚህ ብቻ ነው ግን አልልህም። አካሄዷን፣ አበራረሯን፣ ድምፅዋንም ያውቃሉ። አተሩንም እንዲሁ። እርግብ አተር ስለምትወድ ነው እንጂ ቀለሙ ስለማረካት አይመስለኝም። ቀለሙ የሚረዳት ከስንዴው መሐል ቶሎ ለይታ እንድታገኘው ነው።

አሁን እኔን በጣም የሚገርመኝን ልንገርህ። ተማሪ ሳለሁ ከታረደ ዶሮ የወጣ ትኩስ ሬቲና በማይክሮስኮፕ አይቼ ነበር። ምንም ቀለም አልተቀባም። ግን እንደተበተነ ጨሌ ነበር። ቀይ፣ ብርቱካን፣ ቢጫ፣ አንዳንዱም ጥርት ያለ። እነዚህ የዘይት ጠብታዎች ናቸው። በወፎች ዓይን በሾጣጣ ሴሉ ውስጥ አንዲት ጠብታ አለች። ብርሃን ቀለም ወደሚቀበለው የሴሉ ክፍል ከመድረሱ በፊት በጠብታዋ ያልፋል። እንደ ባለቀለም መነጽር ናት፤ የማይፈለገውን ብርሃን አጣርታ ታስቀርና ሴሉ የራሱን ቀለም ጥርት አድርጎ እንዲለይ ትረዳዋለች።

የእርግብ ደግሞ ልዩ ነው። ከፊት ለፊቷ ዝቅ ብሎ ያለውን መሬት የምታይበት የሬቲና ክፍል ቀይ ጠብታ የበዛበት ነው። ሊቃውንቱም ቀዩ መስክ ይሉታል። በጎን የምታይበት ሰፊው ክፍል ወደ ቢጫ ያደላል። ጥሬ የምትለቅምበትና ጭልፊት የምትጠብቅበት የዓይኗ ክፍል ለየብቻ ናቸው ማለት ነው።

የጠብታዎቹ ቀለም የሚመጣው ከምግብ ነው። ካሮቲኖይድ ይባላል። ወፍ ራሷ አትሠራውም፤ ከቢጫ በቆሎና ከቅጠላ ቅጠል ነው የምታገኘው። እኛ አገር የሚበዛው ነጭ በቆሎ ደግሞ ይህ የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ጎመንና ቆስጣ ከትፈህ ጣል አድርግላቸው። ቢጫ በቆሎ ካገኘህም አትለፈው።

ሲስተር_ዓይን_ክሊኒክ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡35

ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልን። ከሰው ዓይን በኩል አንድ ነገር ልጨምር።

አልትራቫዮሌትን የማናየው ሬቲናችን ጨርሶ ስለማይቀበለው ብቻ አይደለም። ሌንሳችን ስለሚያግደው ነው። የዓይን ሞራ ተገፎ ሌንሱ የወጣለትና በምትኩ ሌላ ያልተተከለለት ሰው፣ ለሌላው ሰው የማይታየውን ብርሃን ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ ሆኖ ሊያየው ይችላል። ዛሬ የሚተከሉት ሰው ሠራሽ ሌንሶች በአብዛኛው አልትራቫዮሌት እንዲያግዱ ተደርገው ስለሚሠሩ ይህ እምብዛም አያጋጥምም።

የእርግብ ሌንስ ግን ያሳልፈዋል። በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሜልቪን ክራይተንና ቶማስ አይስነር የሚባሉ ተመራማሪዎች እርግብ አልትራቫዮሌት እንደምታይ የሚያሳይ ሙከራቸውን እ.ኤ.አ. በ1978 ኔቸር በተባለው መጽሔት አውጥተዋል።

መምህር_ደሴ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡50

ፊዚክስ አስተምራለሁ። ባለእርግቡ፣ «ፀጥ ያለ ነጭ ብርሃን» ያልከው ቃል ላይ ቆም እንበል። ለአንተ ፀጥ ያለ ነው። ለእርግቦቹ ላይሆን ይችላል።

የቤታችን ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። አንዱ መመላለስ ሁለት ጫፍ ስላለው፣ ጥሩ ማስተካከያ የሌለው ርካሽ ኤልኢዲ በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይደክማል። የድሮው አምፖል ግን ክሩ ግሎ ስለሚቆይ ቶሎ አይደክምም። የሰው ዓይን እንዲህ ያለውን ብልጭታ እስከ 60 አካባቢ ይለያል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ የማያቋርጥ ብርሃን ይመስለዋል። እርግብ ከእኛ ፈጣን ናት። በደማቅ ብርሃን እኛ ፈጽሞ የማናየውን ብልጭታ ትለያለች። በአየር ላይ በቅርንጫፍና በሽቦ መሐል የምታልፍ ፍጡር ዝግተኛ ዓይን ቢኖራት አትተርፍም ነበር።

አንድ ሙከራ አድርግ። ስልክህን አውጣ። ካሜራውን ወደ አምፖሉ አስጠጋና በቪዲዮ ቅረጽ። ስልክህ ዝግ ያለ ቪዲዮ የሚቀርጽበት አማራጭ ካለው በዚያ ሞክር። ምስሉ ላይ ጥቋቁር መስመሮች የሚንሸራተቱ ከሆነ ወይም ብርሃኑ የሚርገበገብ ከሆነ አምፖሉ ይብለጨለጫል ማለት ነው። ከዚያ የድሮውን ቢጫ አምፖል አስገብተህ እንደገና ቅረጽ። ሁለቱን አወዳድርና ንገረን።

ባለእርግቡ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡15

መምህር፣ አሁን ከሰገነቱ ወርጄ ነው የምጽፈው። እጄ ገና ይንቀጠቀጣል።

ነጩ አምፖል ላይ መስመሮቹ አሉ! እንደ ነጠላ ጥለት ሰፋፊ ጥቁር መስመር ከላይ ወደ ታች እየወረደ ምስሉን ይቆራርጠዋል። ዝግ ባለው ቪዲዮ ሳየው ደግሞ እፍ እንደሚሉት ሻማ ቦግ ጭልም ይላል። ቢጫው አምፖል ላይ ያ መስመር አይታይም ማለት ይቻላል። ባለቤቴ ጠርቼ አሳየኋት፤ እሷም ማመን አቃታት።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ይሄን ስር ነው ያስተኛኋቸው። አንጀቴን በላኝ።

ጭራነጭ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡00

አይዞህ፣ አላወቅህም ነበር። ግን ሁሉንም በብልጭታው ላይ አትጫን። እኔ ድሮም በሻማና በኩራዝ ሳይቀር ሌሊት እርግብ ቤት መብራት ሲበራ ሲረበሹ አይቻለሁ። ኩራዝ ደግሞ ኤሌክትሪክ የለበትም። ሌሊቱ ሌሊት ይሁንላቸው ነው የምለው። ቢጫውንም ጨምረህ አጥፋው።

ዶክተር_ዘጎንደር | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ከጋሼ ጋር ነኝ። ሁለቱም ምክንያት ነው። አንዱ ብልጭታው ነው፤ ሁለተኛው ማታ ደማቅ ብርሃን መኖሩ ራሱ ነው። ወፎች ብርሃንን የሚቀበሉት በዓይናቸው ብቻ አይደለም። የራስ ቅላቸውን አልፎ የሚገባውን ብርሃን የሚያውቁ ሴሎች አንጎላቸው ውስጥ አሉ። የቀኑን ርዝመት የሚያሰሉት፣ የመራቢያ ጊዜያቸውንም የሚያስተካክሉት በዚህ ጭምር ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው ቢተኙ እንኳ ብርሃኑ ይደርስባቸዋል። አዲስ አበባ ላይ በዓመት ውስጥ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ነው። አንተ በአንድ አምፖል ሌሊቱን ጨርሰህ ሰረዝክባቸው።

የግድ ብርሃን ካስፈለገ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ለግማሽ ሰዓት ያህል ደብዘዝ ያለ ቢጫ አብራ፤ ሁሉም ቦታቸውን ሲይዙ አጥፋው። በድንገት ጨለማ ማድረግም ጥሩ አይደለም፤ ቆጥ ሳይዙ ይቀራሉ።

እናት_አዳማ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡10

እኔ እርግብ የለኝም፤ ግን ውይይታችሁን ለልጄ ጮክ ብዬ እያነበብኩላት ነው። ሰባት ዓመቷ ነው። «እርግብ ስትራመድ አንገቷን ለምን ትወዘውዛለች? አይዞርባትም?» ትላለች። የምመልስላት አጣሁ።

ዶክተር_ዘጎንደር | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡25

ለልጅሽ ይሄን ንገሪልኝ፦ የሚወዘወዘው አንገቷ ሳይሆን የተቀረው ገላዋ ነው። እርግብ ጭንቅላቷን አየር ላይ ታቆመዋለች። ገላዋ ከኋላ ይደርስበታል። ከዚያ ጭንቅላቷን ወደፊት ወርወር አድርጋ እንደገና ታቆመዋለች። ጭንቅላቱ በቆመበት ቅጽበት ምስሉ አይንቀጠቀጥባትም። ዓይኖቿ በጎንና በጎን ስለሆኑ ያለዚህ ስትራመድ ዓለም ሁሉ እንደ መኪና መስኮት ይሮጥባት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1978 ባሪ ፍሮስት የተባለ ካናዳዊ ተመራማሪ እርግቦችን በመሮጫ ማሽን ላይ አራመዳቸው። ማሽኑ መሬቱን ወደ ኋላ ስለሚወስደው እርግቧ ትራመዳለች እንጂ ቦታዋን አትለቅም፤ ዙሪያዋ ያለው ነገርም ባለበት ይቆማል። ያኔ አንገቷን መወዝወዝ ተወችው። መራመዱ ሳይሆን ዓይኗ የሚያየው ነገር መንቀሳቀሱ ነው ለካ የሚያስወዘውዛት።

ልጅሽ ጎበዝ ጠያቂ ናት። በስልክሽ ዝግ ባለ ቪዲዮ አንዲት እርግብ ቅረጺላትና አሳያት። ስትለቅምም አሳያት፤ ጥሬዋን አነጣጥራ ካየች በኋላ ምንቃሯ ሊነካ ሲል ዓይኗን ትከድናለች።

ሜሪላንድ_ነዋሪ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡55

ከሥራ ስገባ ነው ያየሁት። ስለ ቀይና ብርቱካን ቀለም ከተነሣ አይቀር የአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ጥበቃ ያደረገውን ላካፍላችሁ። በ1970ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ነው። ባሕር ላይ የጠፉ ሰዎችን በሄሊኮፕተር ሲፈልጉ፣ የሰው ዓይን በሞገዱና በነጸብራቁ ይደክማል። የነፍስ አድን ሰደርያ ደግሞ ብርቱካን፣ ቀይ ወይም ቢጫ ነው። ስለዚህ እርግቦችን አሠለጠኑ። እነዚህን ቀለሞች ስታይ በምንቃሯ አንዲት ሰሌዳ ትነካለች፤ ጥሬ ይሰጣታል።

ከሄሊኮፕተሩ ሆድ ሥር በኩል የሚታይበት ሳጥን ሠርተው ሦስት እርግቦች አስቀመጡ። እያንዳንዷ የዙሪያውን አንድ ሦስተኛ ትጠብቃለች። የትኛዋ እንደነካች አይቶ አብራሪው ወደዚያ ይዞራል። በሙከራው እርግቦቹ ከ10 ጊዜ 9 ጊዜ ያህል ዒላማውን አገኙት። ሰዎቹ 40 በመቶ እንኳ አልደረሱም። ፕሮጀክቱ በበጀት ምክንያት በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቆመ። ማዳን ለሚችል ሥራ ገንዘብ ሲጠፋ ያሳዝናል።

ሰዓት_ጠጋኝ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡30

እኔ መርካቶ ሰዓት እጠግናለሁ። ስለ ብርሃን ካወራችሁ የእርግብን ሰዓት ልታልፉት አይገባም።

እርግብ ፀሐይን እንደ ኮምፓስ ትጠቀማለች። ግን ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ቦታ ትለውጣለች። ስንት ሰዓት እንደሆነ ካላወቅህ ፀሐይ አቅጣጫ አትነግርህም። ስለዚህ እርግብ ሰዓቱ ውስጧ ነው።

ክላውስ ሽሚት ኮኒግ የተባለ ጀርመናዊ ይህን በሚገባ አሳይቷል። እርግቦቹን ፀሐይ በማይገባበት ክፍል ዘጋቸው። መብራቱን ከእውነተኛው ንጋት 6 ሰዓት ቀድሞ ያበራል፤ ከእውነተኛው ምሽት 6 ሰዓት ቀድሞ ያጠፋል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ውስጣዊ ሰዓታቸው ከመብራቱ ጋር ሄደ። ከዚያ በጠራ ፀሐይ ለቀቃቸው። ከቤታቸው አቅጣጫ 90 ዲግሪ ገደማ ስተው በረሩ።

እስቲ አስቡት። ንጋት 12 ሰዓት ነው፤ ፀሐይ በምሥራቅ ናት። የእርግቧ ሰዓት ግን እኩለ ቀን ነው ይላታል። በጀርመን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ የምትገኘው በደቡብ ነው። ቤቷ በደቡብ በኩል ከሆነ «ፀሐይዋን ይዤ ልሂድ» ትላለች። በእውነት የምትበረው ግን ወደ ምሥራቅ ይሆናል። 6 ሰዓት ደግሞ በእኛና በፈረንጅ ሰዓት አቆጣጠር መሐል ያለው ልዩነት ነው። እኔ ይህን ባነበብኩ ቀን ጠረጴዛዬ ላይ አንዱ በሐበሻ፣ አንዱ በፈረንጅ የተሞሉ ሁለት ሰዓቶች ነበሩ። ለረጅም ጊዜ እያየኋቸው ተቀመጥኩ።

ሰማዩ ሲደመንስ? ዊልያም ኪተን የተባለው የኮርኔል ተመራማሪ ሰዓታቸው የተዛባ እርግቦችን በደመና ቀን ሲለቅ በትክክል ወደ ቤታቸው አቀኑ። ፀሐይዋ ከሌለች የምታሳስታቸው የለችማ። በ1971 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጀርባቸው ላይ ማግኔት ቢያስር በደመና ቀን አቅጣጫ ጠፋባቸው፤ በፀሐይ ቀን ግን ብዙም አልነካቸውም። ፀሐይ ስትኖር በእሷ ይሄዳሉ፤ ስትጠፋ የምድርን ማግኔት ይጠቀማሉ።

ላሊበላ_ተወላጅ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡40

የዱሯንም አትርሷት። እኛ ዘንድ በቤተ ክርስቲያናቱ ድንጋይ ጥግ ላይ የምታርፈው እርግብ አንገቷ ላይ ነጭ ቀለበት አላት። እናቴ ባለ ማተቧ ትላታለች። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ሌላ የትም የለችም። አመድማ ናት ብዬ ነበር የማስበው። ዶክተር የጻፉትን ካነበብኩ በኋላ ግን አመድማ የሆነችው ለእኔ ብቻ እንደሆነ ገባኝ።

አንድ ጥያቄ አለኝ። የከተማዋ እርግብ አንገት ላይ ያለው አረንጓዴና ወይን ጠጅ ቀለም ስትዞር ለምን ይቀያየራል?

መምህር_ደሴ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡30

አስፋልት ላይ የፈሰሰ ናፍጣ ዝናብ ሲነካው የሚያሳየውን ቀለም አይተሃል? ያው ነው። ላባው ላይ አረንጓዴ ቀለም የለም። ከውስጥ ጥቁር የሜላኒን ቅንጣቶች አሉ፤ በላያቸው ስስ ግልጽ ሽፋን አለ። ብርሃን ከሽፋኑ ላይኛው ፊትና ከታችኛው ፊት ይመለሳል። ሁለቱ ሲገናኙ አንዳንዱን ቀለም ያጎሉታል፣ አንዳንዱን ያጠፉታል። አንገቷን ስታዞር ብርሃኑ የሚያልፍበት መንገድ ይለወጣል፤ አረንጓዴው ወይን ጠጅ ይሆናል። ወንዱ ሴቷ ፊት አንገቱን ነፍቶ ሲሽከረከር ይህን ሁሉ እያበራ ነው። እሷ ደግሞ እኛ የማናየውን የአልትራቫዮሌት ክፍል ጨምራ ታየዋለች።

ዶክተር_ዘጎንደር | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡45

ባለእርግቡ፣ ከመተኛቴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ። እንቁላል የታቀፈች አለችህ? መታቀፊያው ብርሃን ያገኛል?

የምጠይቅህ በምክንያት ነው። በጀርመን ቦሁም ዩኒቨርሲቲ ኦኑር ጉንቱርኩን የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ለብዙ ዓመታት ያጠኑት ነገር ነው። ጫጩቷ እንቁላሉ ውስጥ ስትታጠፍ ጭንቅላቷ ወደ አንድ ጎን ይዞራል። ቀኝ ዓይኗ ወደ ቅርፊቱ ይሆናል፤ ግራ ዓይኗ ገላዋ ላይ ተለጥፎ ይሸፈናል። እናትየዋ ተነሥታ ለአባትየው ስትለቅ፣ ወይም እንቁላሉን ስታገላብጥ፣ ብርሃን በቅርፊቱ ዘልቆ ቀኝ ዓይኗን ይነካዋል። ይህ ትንሽ ብርሃን ለአንጎሏ መልእክት ነው። ካደገች በኋላ ጥሬ ከጠጠር መሐል ለይታ መልቀም በቀኝ ዓይኗ ይበልጥ ይሳካላታል።

እንቁላሉ በፍጹም ጨለማ ከተፈለፈለ ግን ይህ የቀኝና የግራ ልዩነት አይፈጠርም። ገና ላባ ሳታበቅል፣ ዓይኗ ሳይገለጥ፣ ብርሃን ያስተምራታል። እኔ ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል።

ባለእርግቡ | ዓርብ፣ ከጠዋቱ 12፡50

ዶክተር፣ አለች። ከነጮቹ አንዷ ሁለት ጥላለች፤ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኗ ነው። መታቀፊያዋ የሳሙና ካርቶን ነው፤ ከድመቷ ልደብቃት ብዬ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬው ነበር። ውስጡ ድቅድቅ ያለ ጨለማ ነው።

አሁን አዞርኩት። ፊት ለፊቱን ጋሼ ጭራነጭ ባሉት ሽቦ ሸፈንኩት፤ ትናንት ከመርካቶ ገዝቼ ነው የመጣሁት። የጠዋቱ ብርሃን በሽቦው ገብቶ ጀርባዋ ላይ ወደቀ። ትንሽ ደንግጣ ነበር፤ ግን አልተነሣችም።

ነጩን አምፖል አውጥቼዋለሁ። ረቡዕ ማታ ቢጫውን ግማሽ ሰዓት አብርቼ አጠፋሁት። የመጀመሪያው ቀን አምስት ብቻ ገቡ። ትናንት አሥራ አንድ። የቀሩት ሦስቱ በሩ ላይ ቆመው ወደ ውስጥ ያያሉ።

ጭራነጭ | ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2፡05

ይገባሉ። ዛሬ ማታ በሩ ሥር አተር በትንላቸው።

ባለእርግቡ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 12፡40

አሥራ አራቱም ገብተዋል። መብራቱን አጥፍቻለሁ።